የአያ ጥሩነህ ትንፋሽ

ጡረታ ስወጣ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ጋቢ አልብሰው፣ ንግግር አድርገው ሸኙኝ። ከተናጋሪዎቹ አንዱ "ዕድሜ ልኩን ሲያገለግል በሥራው አንድ ነቀፋ ያልተገኘበት" አለ። ተጨበጨበ። እኔ ኪሴ ውስጥ ያለችውን የጣት ርዝመት የምታህል የቀርከሃ ቁራጭ እያሻሸሁ አንገቴን ደፋሁ። ሰው ትሕትና መሰለው። ነቀፋማ ነበረ። ያገኘብኝ ሰው ለማንም ሳይናገር ሞተና ነው የተጨበጨበልኝ።

በሃምሳዎቹ ዓመታት በአገው ምድር ብዙው ሕዝብ ሐኪም ብሎ የሚያውቀው ድሬሰርን ነበር። ቁስል እናጥባለን፣ መርፌ እንወጋለን፣ ጥርስ እንነቅላለን፣ አዋላጅ ሲቸግራት በበቅሎ እንጠራለን። የድሬሰርነቱን ኮርስ ጨርሼ መጀመሪያ አዘና ተመደብሁ። እዚያ ከገበያው ዳር ባለች አንዲት ክፍል ስድስት ወር የሰው ጥርስ ስነቅል ከርሜ ወደ እንጅባራ ተዛወርሁ። ደመወዙ ወር አያደርስም ነበር፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል።

እንጅባራ ማደሪያ ባጣሁ ጊዜ ያስጠጉኝ አያ ጥሩነህ ናቸው። ቤታቸው ወደ ዘንገና በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ቀርከሃ በእሳት እየለበለቡ፣ እያጎበጡ፣ ወንበርና አልጋ ይሠራሉ። አገር የሚያውቃቸው ግን በጥሩምባቸው ነው። ሰው ሲሞት ጉብታው ላይ ወጥተው ለየመንደሩ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። "አያ ጥሩነህ አንዴ ነፍተው እስኪጨርሱ የሩቁ ለቀስተኛ ደርሶ ይቀመጣል" እየተባለ ይቀለድ ነበር። እኔ ዳንግላ ተወልጄ ያደግሁ፣ አገውኛዬ ከሰላምታ ያላለፈ ሰው ነኝ። እሳቸው በሁለቱም ቋንቋ እየቀለዱ፣ "ልጄ" እያሉ፣ ከገበታቸው ሳይለዩ አንድ ዓመት አኖሩኝ። እንደ አባቴ ነው ያከበርኋቸው፤ ከአባቴም ሳይበልጥ አይቀርም።

ጠዋት ጠዋት ያስላሉ። ደረታቸው ሲር ሲር ሲል ከጓዳ ይሰማኛል። "ጭሱ ነው" ይሉኛል። እኔም ጭሱ ነው ብዬ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

ከዚያ ዳንግላ ወደሚገኝ ክሊኒክ ተዛወርሁ። አለቃዬ ጋሽ ዘለቀ ይባላሉ። ቀጭን፣ ፊታቸው የማይፈታ፣ ጫማቸው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ከእኛ አንድ ማዕረግ ከፍ ያሉ አድቫንስድ ድሬሰር ናቸው። በእሳቸው እጅ ስፓይሮሜትር የሚባል የትንፋሽ መለኪያ መሣሪያ ነበር። ራቅ ባለ ከተማ የሚሠራ አንድ ቀዶ ሐኪም የላከው ነው። መንገዱ ክፉ ስለሆነ፣ ሳንባው ኤተር የማይችል ሰው እዚያ ድረስ ሄዶ እንዳይመለስ ትንፋሹ እዚሁ ይለካ ብሎ ነው። ኤተር ያኔ በሽተኛውን የሚያስተኙበት መድኃኒት ነው። ሳንባው የታመመ ሰው ከኤተር ቢነቃ እንኳ አክታውን ስሎ ማውጣት ያቅተውና ይታፈናል።

የመሣሪያው ነገር ሲያዩት ቀላል ነው። ውኃ የተሞላ በርሜል አለ። በውኃው ውስጥ አፉን የደፋ ቀላል ቆርቆሮ አለ። ሰውየው በጎማ ቱቦ ሲነፋ ትንፋሹ ከቆርቆሮው ሥር ይገባና ቆርቆሮውን ሽቅብ ያነሳዋል። ቆርቆሮው የታሰረበት ክር ደግሞ ብዕር ይስባል፤ ብዕሩ በሰዓት ሞተር በሚሽከረከር ወረቀት ላይ መስመር ይጽፋል። መስመሩ የደረሰበት ከፍታ ሰውየው ያለውን ትንፋሽ ሁሉ ይነግርሃል። ጋሽ ዘለቀን ግን ከፍታው ብዙም አይደንቃቸውም ነበር።

"ከፍታው ጎተራው ነው" ይሉኛል። "ጎተራ ሙሉ ሆኖ በሩ የማይከፈት ቤት አለ። እኔ በሩን ነው የምፈልገው። መጀመሪያዋን ሰከንድ አሳየኝ።"

ጤነኛ ሰው በኃይል ሲነፋ ከትንፋሹ አራት እጅ ሦስቱን በመጀመሪያዋ ሰከንድ ያወጣዋል፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይወጣና ይተኛል። የአየር ቧንቧው የጠበበበት ሰው መስመር ግን እንደ ሰነፍ በሬ ዳገቱን እየተጎተተ ነው የሚወጣው። ይህ የሚታየው ግን ሰውየው ባለ በሌለ ኃይሉ፣ ባንዴ ከነፋ ብቻ ነው። ለዘብ አድርጎ ከጀመረ ጤነኛውም በሽተኛ ይመስላል፤ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም።

ስለዚህ ጋሽ ዘለቀ ይጮኹ ነበር። መጀመሪያ በጨዋ ደንብ መቀነት ያስፈታሉ፣ ወገብ ያስቀናሉ፣ በጥጥ የተጠቀለለ መቆንጠጫ አፍንጫ ላይ ያደርጋሉ። "አባቴ፣ አሁን አየሩን እስኪበቃዎ ይሳቡ" ይላሉ። ከዚያ ሰማይ የተደረመሰ እስኪመስል "ንፋ! ንፋ! ንፋ! ልቀቀው! አትተው! አትተው!" ሽማግሌ የለ፣ ቄስ የለ፣ ባላባት የለ። ሲጨርሱ ዝቅ ብለው ጉልበት ይስማሉ። "ይቅር ይበሉኝ አባቴ፤ ለሥራው ነው።" ከዚያ ደግሞ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ገበያተኛው በመስኮት እያየ "ባለጌው ሐኪም" የሚል ስም አወጣላቸው። እኔ እውነቱን ልናገርና አፍርባቸው ነበር። ሽማግሌ በልጅ ፊት ቁልቁል ሲሰደብ ያየሁ ያህል ይሰማኝ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። በየጠዋቱ ማንም ሳይመጣ ራሳቸው ነፍተው ቁጥራቸውን በደብተር ይጽፋሉ። "መሣሪያው ሲታመም በእኔ ትንፋሽ አውቀዋለሁ" ይላሉ። በቱቦው ጫፍ ተሰክቶ አፍ ውስጥ የሚገባው መንፊያ፣ በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳያስተላልፍ በየጊዜው ይቀቀላል። ከመሣሪያው ጋር የመጡት ሲያልቁ እኔ ለአያ ጥሩነህ ላክሁባቸው፤ ከቀርከሃ እየቆረጡ፣ ጠርዙን እያለሰለሱ አንድ ቁና ሙሉ ላኩልን። ጋሽ ዘለቀ አንዱን አፋቸው ውስጥ አዙረው ሲያበቁ "ይህ ሰው የትንፋሽ ነገር ያውቃል" አሉ።

በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ አዘና አካባቢ ወረርሽኝ ገባና ጋሽ ዘለቀ ወደዚያ ወረዱ። መሣሪያውን ለእኔ ተዉልኝ። በሦስተኛው ቀን በሩን የቆረቆረው ሰው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አያ ጥሩነህ። ልጃቸው ይታይሽ ስንቅ ተሸክማ ከኋላቸው ቆማለች።

ቡአ ወጥቶባቸዋል፤ አንጀታቸው በብሽሽታቸው በኩል ይወርዳል። ጥሩምባ በነፉ ቁጥር ቁልቁል ይገፋቸዋል፤ ካለፈው ወር ጀምሮ መንፋት ትተዋል። ቀዶ ሐኪሙ ቀን ቆርጦላቸዋል፤ የጭነት መኪናው በማግስቱ ጠዋት ይነሳል። የቀረው የእኔ ወረቀት ነው።

"ቶሎ በልልኝ ልጄ" አሉ ቱቦውን እያዩ። "ይህን ያህል ዘመን አገር የሰማውን ትንፋሽ አንተ በቆርቆሮ ልትለካው ነው?"

ሁሉን እንደ ደንቡ አደረግሁ። አየሩን ሳቡ። ከዚያ ጉንጫቸውን ነፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ልክ ጥሩምባ እንደያዙ ሁሉ በዝግታ፣ ሳያቋርጡ ለቀቁት። ብዕሩ ወጣ፣ ወጣ፣ አልቆመም። ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል ነው ያበቁት። እንዲህ ያለ ከፍታ አይቼ አላውቅም። ወደ መጀመሪያዋ ሰከንድ ስመለስ ግን ከግማሽ በታች ናት።

"አያ፣ ድንቅ ነው። አሁን ደግሞ ባንዴ ይልቀቁት፤ ጠንከር አድርገው።"

"ባንዴ የሚለቅማ ጀማሪ ነው" አሉኝ። "ነፊ ትንፋሹን ይቆጥባል።"

ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም። ሦስቱ መስመሮች አንዱ ባንዱ ላይ የተገለበጡ ይመስላሉ። ወይ ጥሩምባ ለምደው ነው ለዘብ የሚሉት፣ ወይ ያ የጠዋት ሲር ሲር ቧንቧቸውን አጥብቦታል። ይህን የሚለየው ጩኸት ብቻ ነው። አውቀው ነበር። አለማወቅ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እንቅልፍ በወሰደኝ።

አፌን ከፈትሁ። የእንጀራቸው ጣዕም አፌ ላይ ነው። ልጃቸው በር ላይ ቆማለች። "ንፋ!" ብዬ፣ እንደ በሬ፣ እሳቸውን? አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ማመንታቴን አዩና ፊታቸው ተለወጠ። "ምነው? ትንፋሹ ጎደለ ልትለኝ ነው?" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "እንዲያ ተብሎ ከተጻፈብኝ እኮ ቀዶው ይቀርና ይህ ቡአ አንድ ቀን ታንቆ ይገድለኛል። ባይገድለኝስ፣ በየትኛው አፌ ነው የሰው ሞት የማረዳው?"

ቅጹ ሁለት ክፍት ቦታ አለው። በመጀመሪያው የትንፋሹን ጠቅላላ ልክ በቁጥር ሞላሁ። ሁለተኛው "በመጀመሪያዋ ሰከንድ" ይላል። እዚያ ላይ "ደህና ነው" ብዬ ጻፍሁ። አያ ጥሩነህ ግንባሬን ሳሙኝ፤ በማግስቱ ሄዱ።

ጋሽ ዘለቀ የተመለሱት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ፣ በሌሉበት የተለካ ሰው ካለ የመስመሩን ወረቀትና የቅጹን ቅጂ ጠየቁኝ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስደው ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ቁጥር ተጠይቀህ ቃል ጻፍህ?"

"አያ ጥሩነህ እኮ ናቸው። አገር የሚያውቃቸው ነፊ..."

"ጥሩምባቸውን አልጠየቅሁህም። ስንቴ አስነፋሃቸው?"

"ሦስቴ።"

"ሲነፉ ድምፅህ ውጭ ድረስ ተሰምቶ ነበር?"

ዓይኔን ጫማቸው ላይ ተከልሁ። ጋሽ ዘለቀ ክንዴን ይዘው አወጡኝ። ቀጥታ ወደ ስልክ ቤት ሮጥን፤ የተወለወለው ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ሲጠልቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ስልከኛው እጀታውን አዞረ፣ ደግሞ አዞረ። ዝናሙ ምሰሶ ጥሎ ኖሮ መስመሩ ሞቷል። ከሰዓት በኋላ የሚነሳ የእህል መኪና ነበር። ጋሽ ዘለቀ ሾፌሩን ለምነው፣ በገዛ እጃቸው ማስጠንቀቂያ ጽፈው፣ ከጆንያው ላይ አስቀመጡኝ። መኪናው ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ገባ። ወርደን ገፋን፣ ድንጋይ አነጠፍን። እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "አምላኬ፣ ሐኪሙን ጉንፋን ያስይዘው፣ ቢላዋው ይጥፋበት፣ ዛሬን ብቻ አሳድርልኝ።"

በማግስቱ ቀትር ላይ ደረስሁ። ቀዶው ከአንድ ቀን በፊት ተሠርቷል። ቀዶ ሐኪሙ ማስጠንቀቂያውን አነበበና የእኔን ቅጽ ከመዝገቡ ውስጥ አውጥቶ "ደህና ነው" በሚለው ላይ ጣቱን አሳረፈ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

አያ ጥሩነህ በሦስት ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ለመሳል ይሞክራሉ፤ ቁስሉ ይይዛቸዋል፣ አክታው ከደረታቸው አይነሳም። ሲያዩኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"መጣህ ልጄ? ምን እንደሆነ እንጃ... ትንፋሹ መግባቱን ይገባል። መውጫው ነው የጠፋ።"

እጃቸውን ይዤ ተቀመጥሁ። ጥቂት ቆዩና "ያ መሣሪያህ ይህን ሳያየው ቀረ?" አሉኝ።

"ሳያየው ቀረ አያ" አልሁ።

ለሚሞት ሰው ዋሸሁ። መሣሪያው አይቶት ነበር፤ በቀይ ቀለም ሦስት ጊዜ ጽፎታል። እኔ በደረስሁ በሦስተኛው ቀን ማለዳ አረፉ።

አስከሬናቸውን ይዘን እንጅባራ ስንገባ ያልታሰበ ችግር ገጠመን። ሞት የሚያረዳው ሰው ራሱ ሞቷል። ጥሩምባቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ የሚደፍረው ጠፋ። በመጨረሻ ከጥርባ አንድ ነፊ ተጠርቶ መጣ። ጎልማሳ፣ ጥሩ ነፊ ነው። ነገር ግን ቶሎ ቶሎ ይቆርጥ ነበርና ሕዝቡ ነፊው አያ ጥሩነህ እንዳልሆኑ ለይቶ፣ በድምፁ ብቻ ማን እንደሞተ አወቀ። ይታይሽ እየጮኸች ወደ ጉብታው ስትሮጥ እኔ ከለቀስተኛው ኋላ ተደብቄ ቆሜ ነበር። የቤቱ ሰው ሁሉ ደግሞ "እስከ መጨረሻው ያልተለያቸው" እያለ እኔኑ ያጽናናኛል።

ዳንግላ ስመለስ ለመባረር ተዘጋጅቼ ነበር። ጋሽ ዘለቀ በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዳቸው ቱቦውን አነሱና፣ ከመንፋታቸው በፊት ወደ እኔ ዞሩ።

"ዛሬ አንተ አስነፋኝ።"

"ይንፉ ጋሼ" አልሁ። ሆን ብለው በዝግታ ነፉ። ብዕሩ ዳገቱን ተጎተተ።

"ምንድን ነው ይህ?" አሉኝ ወረቀቱን እያሳዩ።

"ለዘብ አድርገው ነው..."

"ታዲያ ቧንቧዬ ይጥበብ አይጥበብ በምን ታውቃለህ? ድገም።"

ደገምሁ። አሁንም በዝግታ። አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። ግንባራቸው ላብ አወጣ፣ ዓይናቸው ቀላ፤ ሊያቆሙ አይደለም። በስድስተኛው ውስጤ የነበረው ነገር ፈነዳ። "ንፋ!" አልሁ። "ንፋ! ልቀቀው! አትተው! አትተው! አትተው!" ሰው በመስኮት ተሰበሰበ። እንባዬ ይወርዳል፣ እኔ እጮኻለሁ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጣ።

ጋሽ ዘለቀ መቆንጠጫውን ከአፍንጫቸው አነሱ። "አሁን ጉልበቴን ሳም" አሉኝ። ሳምሁ። የአያ ጥሩነህን ሦስት መስመሮች ያለ ስም ቆርጠው መሣሪያው በሚቀመጥበት ቁምሣጥን መዝጊያ ላይ በውስጥ በኩል ለጠፏቸው፤ በከፈትሁት ቁጥር ከፊቴ ናቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን አንስተውብኝ አያውቁም። ለማንም አልተናገሩም። ይህ ዝምታቸው ውለታ ይሁን ቅጣት ዛሬም አልገባኝም።

እሳቸው ሲዛወሩ መሣሪያውም ስሙም ለእኔ ቀረ። "ባለጌው ሐኪም" እኔ ሆንሁ። የደብር አለቃ ላይ ጮኽሁ፣ ዳኛ ላይ ጮኽሁ፣ የገዛ አማቴ ላይ ጮኼ ሚስቴ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። አያሌ ሰው ወደ ቀዶው ላክሁ፤ አያሌ ሰውም "አይሆንም" ብዬ በእንባ መለስሁ። በዚያ ክፍት ቦታ ላይ ግን ዳግመኛ ቃል አልጻፍሁም።

ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በኋላ አንዲት ሴት ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ መጣች። እንቅርቷ ጉሮሮዋን ስለተጫናት በቀዶ ሊወጣላት ነው። ነጠላውን ስታወርድ ይታይሽ ናት። ተሳሳምን፤ የልጆቿን ስም ነገረችኝ፣ የጥንት ሰው አገኘሁ ብላ ሳቀች።

ከመንፊያዎቹ አንዷን ከቱቦው ላይ ሰካሁ። ተቀበለችኝና ጠርዟን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። "የአባቴ እጅ ናት" አለች። አያ ጥሩነህ ከላኩት ቁና የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች።

መጀመሪያ ለዘብ አድርጋ ነፋች። ብዕሩ እንደ አባቷ ጊዜ ዳገቱን ተጎተተ።

ከዚያ ጮኽሁባት። ከማንም ላይ ጮኼ በማላውቀው ድምፅ ጮኽሁባት። ደነገጠች፣ እንባዋ መጣ፣ ግን ነፋች። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። መስመሩ ግድግዳ ሆኖ ቀጥ ብሎ ወጣ። ቁጥሩን ጻፍሁ፤ ንጹሕ ሳንባ ነው፣ ኤተሩን ይችላል። ጎንበስ ብዬ ጉልበቷን ልስም ስል እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ አቆመችኝ።

መንፊያዋን እንደያዘች ክፍት የነበረውን የቁምሣጥን መዝጊያ ታያለች። ሦስት ቀያይ መስመሮች። ስም የላቸውም፤ እሷ ግን ያን ቀን በር ላይ ቆማ ነበር።

"ጋሼ" አለችኝ። "አባቴ ላይ እንዲህ አልጮኹባቸውም ነበር፣ አይደል?"

እንደ ቀድሞው መሣሪያው ነው ማለት እችል ነበር። ማንም አያውቅም።

"አልጮኽሁም" አልሁ። "አከበርኋቸው።"

ነጠላዋን አንገቷ ላይ መልሳ ጠመጠመች። ወረቀቷን ከጠረጴዛዬ ላይ አነሳች፣ መንፊያዋን ግን እጄ ውስጥ አስቀምጣ ጣቶቼን አጠፈችብኝ።

"እኔን ስላላከበሩኝ" አለች፣ "እግዜር ይስጥዎ።"